የማንጠግቦሽ ድርሻ

ልጆቼ፥ ጠጋ በሉ፤ ኪዳነ ምሕረት እመቤታችን ከአገሯ ለተነቀለች ለአንዲት እናት ያደረገችውን ልንገራችሁ፤ ጥላዋ በእኛም ላይ ይረፍ፥ ጆሯችንን ለመስማት፥ ልባችንንም ለርኅራኄ ትክፈትልን፤ አሜን በሉ።

አንጓች የምትባል፥ የክርስትና ስሟም ወለተ ኪዳን የሆነ፥ ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት ነበረች፤ ፊደል አልቆጠረችም፥ ዳዊትም አልደገመችም፥ ነገር ግን እመቤታችንን በጎረቤት እንዳለች እናት አድርጋ ትወዳትና ታፍራት ነበር። የየዕለት ስእለቷም ይህ ነው፤ ጎሕ ሲቀድ፥ ገና ከሰው ጋር ቃል ሳትለዋወጥ፥ ከቀዳችው ውኃ የመጀመሪያውን በማኅበሯ ጽዋ ትሞላና ወደ ምሥራቅ ዞራ ከፍ አድርጋ ይዛ፥ «እመቤቴ፥ ይህ የማንጠግቦሽ ድርሻ ነው፤ ባለችበት አጠጪልኝ» ትላለች፤ ከዚያም ደጅ ወጥታ መጀመሪያ ላገኘችው ለተጠማ፥ መንገደኛም ቢሆን፥ እብድም ቢሆን፥ ውሻም ቢሆን በእፍኟ ገልብጣ ታጠጣዋለች።

ማንጠግቦሽ ማን ናት አትሉኝም? አንድ ልጇ ናት። ስለ ጽዋውም ልንገራችሁ፤ የመንደሩ ሰዎች በኪዳነ ምሕረት ስም የሚጠጡበት፥ ወር በገባ በዐሥራ ስድስት ከቤት ወደ ቤት የሚዞር ጥቁር የሸክላ ጽዋ ነው። ማንጠግቦሽ ሕፃን ሳለች ልሳለመው ብላ ጣለችውና ከንፈሩ ጎደለ፤ እናቷም ጎደሎውን በንብ ሰም ደፈነችው፤ ሰሙ ከዓመት ዓመት እየጠቆረ ከሸክላው ጋር አንድ መሰለ፥ እዚያ ቦታ ላይ ከንፈሩን ያሳረፈ ሰው ካልሆነ በቀር ማንም አይለየውም።

ልጅቱም አድጋ በራሷ ስም ማኅበርተኛ ሆነች። አንድ ቀን ማኅበሩ በእናቷ ቤት ተበልቶ ሲያበቃ፥ ሙሴው፥ ማለትም የማኅበሩ አለቃ፥ አያ ባይነሳኝ፥ «የሚመጣውን ማን ይቀበላል?» ሲል፥ ማንጠግቦሽ እጇን ዘርግታ ጽዋውን ተቀበለች። ጽዋ የተቀበለ ሰው እንግዲህ ደግሶ ሳያወጣ አይቀርም፤ ሞት ካልቀደመው በቀር ተራው ተራው ነው። ነገር ግን ወሩ ሳይሞላ አንድ ደላላ መጣና በዐረብ አገር ወርቅ እንደ ጠጠር ይታፈሳል ብሎ ጆሮዋን ሞላው፤ እርሷም የእናቷን የሚያፈስ ጣሪያ ቀና ብላ አየችና ልቧ ተነሣ፥ ለማንም ሳትናገር ወጥታ ሄደች። «ደርሻለሁ» የሚል ቃል አንድ ጊዜ በሰው አፍ መጣ፤ ከዚያ ወዲያ ዝም።

ማኅበርተኞቹም ጊዜው ሲረዝም፥ «ተራዋን ለሌላ እናሳልፈው» አሏት፤ አንጓች ግን፥ «የተቀበለችው እሷ ናት፤ ተራዋን አሳለፋችሁ ማለት ሞታለች አላችሁ ማለት ነው» ብላ አለቀሰች። አያ ባይነሳኝም ያን ጊዜ ራራና፥ ማኅበሩ እንዳይቋረጥ ሌሎች እየተተኩ ይደግሱ፥ ጽዋው ግን እየተመለሰ አንጓች ቤት ይደር ብሎ ፈረደ። እናቲቱም ጽዋውን ባየች ቁጥር ልጇን ታያለች፥ ልጇን ባሰበች ቁጥር ጽዋውን ትወለውላለች፤ ናፍቆት እጅ እንዲህ ያሠራል፥ ልጆቼ።

ከዚያም ክፉ ቀን መጣ። ተኩሱ ከወንዝ ማዶ ተሰማ፥ ቀጥሎ ከወንዝ ወዲህ ተሰማ፥ ቀጥሎም ቤቱ ነደደ። ሰው የሚይዘው ጠፋበት፤ አንዱ ዶሮውን፥ አንዷ የማትመለስበትን በር ቁልፍ፥ የአንጓች ጎረቤት እትየ ደብሪቱ ደግሞ የአንድ እግር ጫማ ብቻ ይዛ ወጣች። አንጓችም ጽዋውን በነጠላ ጠቅልላ እንደ ሕፃን በጀርባዋ አዘለችው። እትየ ደብሪቱ በመንገድ ላይ አየቻትና፥ «አንቺ ሴት፥ ድስት ትተሽ ጽዋ! በምን ልትቀቅዪልን ነው?» አለቻት።

«የሚቀቀል ከተገኘ ድስት አይጠፋም፤ አንቺስ በአንድ እግር ልትደርሺ ነው?» አለቻት አንጓችም፤ በዚያ ሁሉ ልቅሶ መካከል ሁለቱ ሴቶች ሳቁ።

ነገር ግን አንጓችን በየመንገዱ የከነከናት የነደደው ቤቷ አልነበረም፤ «ልጄ ስትመለስ የት ብላ ትፈልገኛለች?» የሚለው ነበር እንጂ። በተራመደች ቁጥር ዞራ ታይ ነበር፤ ጎጆው ሳይኖር ሰው ደጁን እንዴት ያገኛል?

ሄደው ሄደውም በአንድ ቆላ ከተማ ዳር፥ ከአንድ ትምህርት ቤት የቅንጭብ አጥር ጥግ፥ ነጭ ሸራ ተወጠረላቸው። ረጂዎች ስንዴና ዘይት ሰጧቸው፥ ውኃም በቦቴ መኪና ይመጣላቸው ጀመር። ከዚያ ሆነው ወደ ደጋው ሲያዩ ተራራው እንደ ጢስ ሰማያዊ ሆኖ ከሩቅ ይታያል፤ ደብራቸው ከእርሱ ወዲያ ነው። አንጓችም ጧት ጧት የደብሯ ደወል የተደወለ እየመሰላት ቀና ትላለች፤ የቦቴው ጥሩንባ ነው።

ከዚያም ዓለሙን ሁሉ የዞረው በሽታ፥ ኮሮና ያሉት፥ ወደዚያም ደረሰ። ሲስተር ራውዳ የምትባል አንዲት ነርስ ነበረች፤ ከራሷ እስከ እግሯ ነጭ ፕላስቲክ ተጀቡና፥ ድምፅ ማጉያ ይዛ፥ «እናቶቼ፥ ተራራቁ፤ አባቶቼ፥ እጃችሁን ታጠቡ፤ በአንድ ዕቃ አትጠጡ» እያለች ከሸራ ሸራ ትዞር ነበር። በእግር ሲረግጡት ውኃ የሚያፈስ ጀሪካን ተከለችላቸው፥ ሳሙና አደለቻቸው፥ ሴቶቹንም ሰብስባ የአፍ መሸፈኛ አሰፋቻቸው። እርሷ እስላም ናት፥ ልጆቼ፤ የጾማቸውም ወር ሲገባ በዚያ ሐሩር ለሌላው ውኃ እያጠጣች እርሷ ጉሮሮዋ ደርቆ ትውል ነበር።

ዐሥራ ስድስት ቀን ሆነና የተረፉት ማኅበርተኞች ተሰበሰቡ፤ ጠላ የለምና በሶ በጥብጠው ጽዋውን ሞሉት። ራውዳም ከሩቅ ቆማ፥ «አባቴ፥ እባክዎ፥ ሰው ሁሉ በአንድ ጽዋ አይጠጣ» ብላ ለመነች። አያ ባይነሳኝ ተቆጣና፥ «ይህ የእመቤታችን ጽዋ ነው! በሽታ እርሱን ይፈራል እንጂ እርሱ በሽታን አይፈራም!» አለ፤ ሰዉም ቃሉን ወደደለትና ጽዋውን ከአፍ ወደ አፍ አዞረው፥ አንጓችም ጠጣች። ቀን ሳይርቅ እትየ ደብሪቱን ትኩሳት ያዛት፥ ከእርሷም ጋር የጠጡ ሌሎችን ሳል ያዛቸው፤ ወደ ለይቶ ማቆያ ድንኳንም ተወስደው፥ በራውዳ ትጋትና በእመቤታችን ቸርነት ለጥቂት ተረፉ።

ልጆቼ፥ ጽዋው ምን አደረገ? ከንፈሩም የእኛ፥ ሳሉም የእኛ ነው። እመቤታችን በሰው አፍ ምክር ስትልክልን አንቀበልም ብለን በእርሷ ማላከክ ደግ አይደለም። አንጓችም ይህን በልቧ አስተዋለችና፥ ከዚያ ቀን ጀምራ የጧቱን ውኃ ስትሰጥ ጽዋውን ከፍ አድርጋ በተጠማው ሰው ጣሳ ላይ ታንቆረቁረው ጀመር፤ ከንፈር አይነካውም። አያ ባይነሳኝ ግን፥ «ጽዋችንን አቃለለችው» ብሎ አኮረፋት።

በዚያም ሰሞን በዐረብ አገር የነበሩ ስደተኞች፥ በሽታው ሥራውን ሁሉ ስለ ዘጋው፥ ከየእስር ቤቱና ከየመንገዱ እየተለቀሙ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ወደ ቤተ ሰባቸው ሳይቀላቀሉ እንዲቆዩ በአውቶቡስ ተጭነው እዚያ ትምህርት ቤት ግቢ ገቡ። ያን ጊዜ ከእኛ በላይ የተገፋ የለም ይሉ የነበሩት ሁሉ ከየሸራው ወጡና፥ «በሽታችሁን ይዛችሁ ወደ መጣችሁበት!» እያሉ በአጥሩ ላይ ድንጋይ ወረወሩ፤ አያ ባይነሳኝም ከፊት ነበር። ትናንት የተባረረ ሰው ዛሬ ሌላውን ሲያባርር ማየት ምን ያህል ያሳፍራል!

አንጓች ብቻ ድንጋዩ ሲበርድ ወደ ቅንጭቡ ተጠጋችና አንገቷን አስግጋ፥ «ማንጠግቦሽ የምትባል ልጅ አታውቁም? ቀይ ዳማ፥ ስትስቅ ዓይኗ የሚጠፋ?» ብላ ትጠይቅ ጀመር። በግቢው ያሉት ግን ሁሉም አፋቸውን ሸፍነዋል፥ የሚታየው ዓይን ብቻ ነው፤ የቱ ዓይን የማን እንደ ሆነ በምን ይለያል? «የለችም፥ እማማ» ይሏታል፤ በማግስቱም ትመለሳለች፥ «የለችም፥ እማማ» ይሏታል። ከእነርሱም አንዷ አዘነችላትና፥ «እማማ፥ እኛን እኮ በእናታችን ስም አይደለም የሚያውቁን፤ ስንሄድ ደላላው ሌላ ስም ያወጣልናል» አለቻት፤ አንጓችም፥ «ስም ደግሞ ይለወጣል እንዴ?» ብላ ተገርማ ሄደች።

እናንተ ግን ልብ በሉ፤ ማንጠግቦሽ እዚያው ነበረች። ደላላው ሰሚራ ብሎ ሰይሟት ነበርና በሰሚራ ትጠራ ነበር፤ ከመጣችም ጀምራ ትኩሳት ጥሏት በግቢው ዳር በሕሙማን ድንኳን ተኝታ ነበር። በመንገድም ከአንድ የአገሯ ሰው መንደሩ እንደ ነደደ፥ እናቷንም በሕይወት አየሁ ያለ ሰው እንደሌለ ሰምታ ነበርና፥ ፊቷን ወደ ሸራው አዞረች፤ ትኩሳቱ ከሚያዳክማት ይልቅ ኀዘኑ አደከማት፥ ውኃ ሲሰጧትም ጥርሷን ትገጥማለች። ራውዳ፥ «እህቴ ሰሚራ፥ አንድ ጉንጭ ብቻ» እያለች ስትለምናት፥ «ለማን ብዬ?» ትላለች። በእናትና በልጅ መካከል የነበረው እንግዲህ አንድ የቅንጭብ አጥርና ሰው እንዳያልፍ የተወጠረ ገመድ ብቻ ነበር፤ እናት ለልጇ ውኃ እየቀዳች ልጅ በጥም ልትሞት ነው።

ወሩም ዞሮ ዳግመኛ ዐሥራ ስድስት ሆነ። በዚያ ቀን የቦቴው ሹፌር በሽታውን ፈርቶ ዘገየና በሰፈሩ ውኃ ጠፋ፤ በአንጓች ጀሪካን ሥር የቀረው ጽዋዋን ብቻ ሞላ። እርሷም እንደ ልማዷ ወደ ምሥራቅ ከፍ አድርጋ፥ «ባለችበት አጠጪልኝ» ብላ፥ ዛሬስ ከተጠሙት ሁሉ የተጠሙት እነዚያ ናቸው ብላ ወደ ትምህርት ቤቱ በር ሄደች። ዘበኛው ግን፥ «እማማ፥ ከውጭ የመጣ ነገር አይገባም፤ ታዝዤ ነው» ብሎ መለሳት። ተመልሳም ለሰፈሩ ሰው፥ «ጣሳችሁን አምጡና ላንቆርቁርላችሁ» ብትል ሁሉም ሸሻት፤ አያ ባይነሳኝም እጁን እያራገበ፥ «ከእነዚያ አጥር የደረሰ ጽዋ እኔ ዘንድ እንዳይደርስ!» አለ፤ በሽታ ይፈራዋል ብሎ የፎከረው እርሱ ነበር።

አንጓችም ስእለቷ በእጇ ላይ ቀርቶ አያውቅም ነበርና መሪር ልቅሶ አለቀሰች፤ ጽዋውን እንደ ሞላ ወደ ሸራዋ አስገባችና በምሥራቁ በኩል አኖረችው፥ በንጹሕ ጨርቅም ከደነችው፥ እንዲህም አለች፥ «እመቤቴ፥ ሰው አልቀበል አለኝ፤ የማጠጣበትም እጅ አጣሁ። ልጄ ካለች ድርሻዋ ይኸው፤ ከሌለችም አንቺው ንገሪኝና ጽዋውን ለባለ ተራ ልልቀቅ፤ መጠበቁ ደከመኝ።» ይህንንም ብላ ወጣች፤ የቦቴው ጥሩንባ ተሰምቶ ነበርና ሰው እንዲራራቅ በአመድ በተሠመረላት ክብ ውስጥ እንደ ሌሎቹ ቆማ ተራዋን ጠበቀች፥ ፀሐዩም በአናት ላይ ነበር።

ውኃ ቀድታ ስትመለስ ጨርቁን ተጣጥፎ አገኘችው፤ ጽዋውም እንደ ተቀመጠ ነው፥ ነገር ግን ባዶ ነው፥ ከንፈሩም ርሷል። ከሸራዋ ፊት ለፊት የምትቀመጠውን እትየ ደብሪቱን፥ «ማን ገባ?» ብላ ጠየቀቻት።

«ኧረ ማንም! ከዚህ ንቅንቅ አላልኩም፤ በአንቺ ደጅ እኮ ዝንብ እንኳ አላለፈም።»

«ታዲያ ውኃው?»

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? እኔማ ከማኅበሩ በሶ ወዲህ በሰው ጽዋ መጠጣት ይቅርብኝ ብያለሁ» አለች። አንጓችም፥ «የጠጣው ይርካ» ብላ አማተበች።

ፀሐይም ዘንበል ስትል ራውዳ እየተጣደፈች መጣችና ራቅ ብላ ቆመች፤ «እማማ አንጓች፥ በሞቴ፥ ያን ጧት ጧት የሚይዙትን ጽዋ ያሳዩኝ» አለቻት። አወጣችላት። ራውዳም ሳትነካው አጎንብሳ አየችና፥ «ከንፈሩ ላይ ሰም አለው?» አለች።

«ማን ነገረሽ፥ ልጄ?»

«አንዲት ሕመምተኛ አለችኝ፤ ውኃ አልቀምስ ብላ ለዛሬ ማታ አትደርስም ብዬ ነበር። ቀትር ላይ ስገባ ቁጭ ብላ አገኘኋት፥ ከንፈሯ ርሶ። ‹ማን አጠጣሽ?› ብላት፥ ‹ልብሷ የማለዳ ሰማይ የሚመስል ሴት፤ ፊቷን ሳትሸፍን ገብታ፥ ራሴን በክንዷ ደግፋ በማኅበራችን ጽዋ አጠጣችኝ፤ ሰሙ ከንፈሬን ሲነካኝ አወቅሁት፤ ጧት ጧት የሚቀዳልሽ ድርሻሽ ነው፥ ተራሽም ይጠብቅሻል አለችኝ› አለችኝ። እኔ እኮ በሩ ላይ ነበርኩ፥ እማማ። ማንም አልገባም፤ ወላሂ ማንም አልገባም!»

አንጓችም፥ «ስሟ ማን ነው?» አለች።

«ሰሚራ።»

የእኔ አይደለችም ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያም ያቺ ልጅ በአጥሩ ላይ፥ ደላላው ሌላ ስም ያወጣልናል ያለቻት ትዝ አላትና፥ ውኃ ቀድታ የመጣችበትን ጀሪካን ረግጣ አፍስሳ ሮጠች።

ራውዳም በበሩ አስቁማ እጇን አስታጠበቻት፥ አፏንም ሸፈነችላት፥ በገመዱም ዘንድ አቆመቻት። ከገመዱ ወዲያ አንዲት የከሳች ልጅ ከድንኳኑ ተደግፋ ወጥታ በወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ከአፍንጫዋ በታች ጨርቅ ነው፥ ከግንባሯ በላይ ሻሽ ነው፥ የሚታየው ዓይኗ ብቻ ነው። ሁለቱም ለጥቂት ጊዜ ተያዩ፤ ከዚያም ያ ዓይን ቀስ እያለ ጠበበና ጠፋ፥ ስትስቅ እንደሚጠፋው፤ ከጠፋበትም ዕንባ ወጣ።

«እምዬ» አለች ልጅቱ፥ «ተራዬን አሳለፋችሁብኝ?»

«ማን አባቱ ያሳልፈዋል!» አለች አንጓች፤ እልልታውም ልቅሶውም አንድ ላይ ወጣ።

መተቃቀፍ ግን አልተፈቀደምና፥ እናት ክንዷን ዘርግታ አየሩን ዐቀፈች፥ ልጅም የራሷን ትከሻ ዐቀፈች፥ እንዲህም ሆነው ፀሐይ እስክትገባ ቆሙ። የመግሪብ አዛን ከከተማው ሲሰማ ራውዳ ሁለቱን እያየች ጾሟን በውኃ ገደፈች። ከዚያ ቀንም ጀምሮ ልጅቱ እስክትወጣ ድረስ፥ ዘበኛውም ፈቅዶላት፥ አንጓች ጎሕ ሲቀድ በገመዱ ላይ ጽዋውን ከፍ አድርጋ በልጇ ጣሳ ታንቆረቁርላት ነበር፤ ስእለቷም ድርሻውን ለባለቤቱ አደረሰ።

ይህም ነገር በሰፈሩ ተሰማ። አያ ባይነሳኝም መጥቶ ከአንጓች ደጅ ተንበረከከና፥ «እኔ ነኝ ያቃለልኩት፤ በድፍረቴም አቃለልኩት፥ በፍርሃቴም አቃለልኩት» አለ፤ እርሷም፥ «ተነሥ፥ አያ ባይነሳኝ፤ ከእኛ ይልቅ ያ አጥር ይቅር ይበልህ» አለችው። እርሱም ሄዶ በቅንጭቡ ላይ ስደተኞቹን ይቅርታ ለመነ፥ ከዚያም ወዲያ የቦቴው ውኃ ሲመጣ የእነርሱን ጀሪካኖች እየተሸከመ እስከ በሩ ያደርስ ነበር።

ማንጠግቦሽም ድና በወጣች ጊዜ፥ እነሆ የኪዳነ ምሕረት ዕለት ሆነ፥ ተራዋንም አወጣች። የእርዳታ ስንዴ ንፍሮ ሆነ፤ ያን ቀን የተወረወሩትን ድንጋዮች ለቅመው ጉልቻ አደረጓቸው፤ እትየ ደብሪቱም ከከተማ ትልቅ ድስት ለምና ተሸክማ መጣችና፥ «ይኸው ድስቱ ተገኘ!» አለች። ከተፈናቀሉት መካከል የነበሩ አንድ ካህን ባረኩ፤ ተፈናቃዩም፥ ከስደት የተመለሰውም፥ ሁሉም ጣሳ ጣሳውን ይዞ ተራርቆ ተቀመጠ፥ ማንጠግቦሽም በማንም ከንፈር ሳታስነካ ለሁሉም አንቆረቆረች። የሌሉትንም አልረሱም፤ በየመንገዱ የቀሩትን፥ በባሕር የሰጠሙትን፥ የት እንዳሉ የማይታወቁትን ማኅበርተኞች ስም እየጠሩ ለእያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት ቀዱ።

በመጨረሻም አያ ባይነሳኝ እንደ ወጉ፥ «የሚመጣውን ማን ይቀበላል?» አለ። እጁን የዘረጋ አልነበረም፤ ቤት የሌለው ሰው ጽዋ ወዴት ይቀበላል? ሁሉም ወደዚያ ጢስ ወደሚመስለው ተራራ አየ። ያን ጊዜ እርሱ ራሱ ተነሥቶ እጁን ታጠበና ዘረጋ፤ «እኔ እቀበላለሁ» አለ፥ «የማወጣው ግን እዚህ አይደለም፤ በአገራችን ነው፥ በእመቤታችን ደጅ ነው።» ሴቶቹም እልል አሉ፥ ወንዶቹም አለቀሱ፤ ጽዋውንም እያዜሙ ወደ ሸራው አደረሱለት፥ ተራርቀው ይሄዱ ነበርና ያ ጥቂት ሕዝብ ከሰፈሩ ዳር እስከ ዳር ተዘርግቶ የንግሥ ዕለት ሰልፍ መሰለ።

ተራው እስከ ዛሬ የእርሱ ነው፥ ልጆቼ፤ አልወጣም፥ አልተላለፈምም። ጎሕ ሲቀድ ጽዋውን ወደ አንጓች ደጅ ያመጣዋል፥ ማንጠግቦሽ ትሞላዋለች፥ እናቲቱም ወደ ምሥራቅ ዞራ ከፍ አድርጋ ትይዘውና፥ «እመቤቴ፥ ይህ ያልተመለሱት ድርሻ ነው፤ ባሉበት አጠጪልን» ትላለች፤ ከዚያም ወጥተው የተጠማ ይፈልጋሉ።

እንግዲህ የአንጓችን ጽዋ በቀትር አንሥታ የተጠማችውን ያጠጣች እመቤታችን፥ የወጣብንን ሁሉ ወደ ደጁ ትመልስልን፤ ደጁ የፈረሰበትን ደጅ ትሁነው፤ ሕሙማንን የሚያስታምሙትን እጆች ታጽናልን፤ የተገፋው ሌላውን እንዳይገፋ ልብ ትስጠን። ይህን የሰማችሁ ሁሉ፥ በሩቅ ያለ ሰው የምትናፍቁም፥ ቀድቶ የሚጠብቃችሁ ሰው አትጡ፤ ተራችሁም አይለፍባችሁ፤ አሜን፥ ወአሜን፥ ለይኩን።